አንድ ቡጢ ይገባል?

በዚህ ከተማ ጎማ በመግጠም እኔን የሚበልጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አባቴ ነው። እሱም ወገቡን ካላመመው ነው። ያን ሳምንት ደግሞ ወገቡን አሞት ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚበልጠኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሚባለው የሌለ ነገር ሲወራ ነው፤ እኔ የማወራው ያለ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እሱም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጎማ ፈትቼ ስንት እንደገጠምኩ ቁጠሪ ብባል፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ቁጥር አይበቃኝም።

ጎሚስታችን አንድ ክፍል ነው። ፊቱ አስፋልት፣ ጀርባው መጋረጃ። ከመጋረጃው ኋላ አባዬ ጋደም የሚልበት ፍራሽ አለ። ግድግዳው ላይ ጎማ ተሰቅሏል፣ ጥግ ላይ ጎማ ተቆልሏል፣ ወንበሮቻችንም ጎማ ናቸው፤ ደንበኛ ሲመጣ "ቁጭ በሉ" ስንለው መሃሉ ይሰምጥና ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል። በሩ አጠገብ ግማሹ የተቆረጠ በርሜል አለ፤ የተበሳ ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍተን ውሃው ውስጥ ስንነክረው ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ኮምፕሬሰራችን ሲነሳ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። አባዬ "ይሞቀዋል፣ ተይው" ይላል።

አክስቴ ይህንን ቦታ "ሴት ልጅ የማትውልበት" ትለዋለች።

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። ሱቋ ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ሜትር ተጠምጥሞ ይውላል፣ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም፣ ከንፈሯ መሃል ደግሞ መርፌ አለ። መርፌውን ሳታወጣ ታወራለች፣ ሳታወጣ ትቆጣለች። ሳታወጣ ትስቃለችም ይባላል፤ እኔ ስትስቅ አላየኋትም።

"ጥፍሯን እየው!" አለችው አንድ ቀን አባዬን፣ እጄን እንደተሰረቀ ዕቃ ወደ ላይ አንስታ። "ይሄ የሰው ጥፍር ነው የሞተር?"

"ይታጠባል እትዬ፣ ምን ችግር አለው።"

"ታጥቦ እኮ ነው" አልኩ እኔ። ዝም ማለት ነበረብኝ።

"ይኸው! ራሷ መሰከረች! ሰኞ ወደ እኔ ትምጣ። ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ንጹህ ሙያ ትማር። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች።"

ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ከማሳጥር መርፌውን ብውጠው ይሻለኛል። ይህንንም ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ በዓይኑ ዘጋልኝ። አባዬ የጭነት መኪና ጎማ ለብቻው ያነሳል፤ ታላቅ እህቱን ግን "አይሆንም" ማለት በዕድሜው አልቻለም። "እስቲ እናያለን" አለ። በእኛ ቤት "እስቲ እናያለን" ማለት "እሺ" ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት የአባዬ ወገብ ቀጭ አለ። ሐሙስ ዕለት ጥርስ ሐኪሙ መጣ።

ጥርስ ሐኪሙ የሰፈሩን ሰው ጥርስ ሁሉ የሚያውቅ፣ ደረቱና ሆዱ አንድ ላይ የተሠሩ፣ ደግ ሰው ነው። አንድ አሮጌ ፒክአፕ አለው፤ ስሟን "አውሎ" ብሏታል። መካኒክ ዘንድ ወስዶ ሞላዋን ቀይሮ፣ ከፍ አስደርጎ፣ ፊቷ ላይ የብረት መከላከያ አስበይዶ፣ ጣሪያዋ ላይ ስድስት መብራት ደርድሮላታል። አሁን ደግሞ አራት አዳዲስ ጎማ በሌላ መኪና አስጭኖ መጣ። ጎማዎቹ እየተንከባለሉ ሲገቡ ትራክተር የመጣ መስሎኝ ነበር። አንዱን ከጎኔ አቁሜ ተለካካሁት፤ ደረቴ ላይ ደረሰ።

"ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ኮረብታ ወጪዎች ነን" አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ በመጋረጃው በኩል ለአባዬ። በጭቃ ኮረብታ የሚወጣጡ ሰዎች ማኅበር አላቸው። "አምና መሃል ላይ ሰመጥኩ። በበሬ ተጎትቼ ወጣሁ። ፎቶውን የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ እኔ፣ አውሎና ሁለቱ በሬዎች። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ የምቀመጠው ከዚያ ፎቶ ሥር ነው። ዘንድሮ ከወጣሁ እናወርደዋለን ብለውኛል።"

"ዶክተር፣ እኔ እንደሚያዩኝ ነኝ" አለ አባዬ ከፍራሹ ላይ። ዶክተር ደግሞ አያየውም፤ መጋረጃ ነበር። "ሌላ ጎሚስታ ልጠቁምዎት።"

"ምን ሲደረግ!" አልኩ እኔ። "እኔ እገጥማቸዋለሁ።"

አክስቴ የታመመ ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ ጎማ ወንበር ላይ ሰምጣ ነበር። ከዚያው ሆና ተናገረች።

"ትግጠም። እኔ አልከለክልም። መኪናው ደህና ወጥቶ ደህና ከሄደ፣ ሁለተኛ ስለ ጥፍሯ ትንፍሽ አልልም። ካልሄደ ግን ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኔ ፊት ትቀመጣለች።"

"ብሎን፣ ሰማሽ?" አለ አባዬ። ብሎን የሚለኝ እሱ ነው፤ ትንሽ ሆኜ ስለምጠብቅ።

"ሰማሁ።"

"እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ" አለ አባዬ።

አርብ ጠዋት ጀመርኩ። አውሎን በክሪክ አነሳሁ፣ አሮጌዎቹን ፈታሁ፣ አዲሶቹን ቸርኬ ላይ ላስገባ መሬት ላይ አጋደምኩ። ጠርዛቸውን የሳሙና ውሃ ቀባሁ፣ የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት ከትቼ ዘለልኩበት። አልገባም። እንደገና ዘለልኩበት። ጎማው ላይ ወጥቼ ስጨፍር ያየኝ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ። ጥርስ ሐኪሙም ተራው የደረሰውን በሽተኛ ለሌላ ቀን ቀጥሮ መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል።

"ጥርስ ስነቅል እኔም እንዲሁ ነኝ" አለኝ እያዘነልኝ።

"በሽተኛው ላይ ይወጣሉ?"

"አንዳንዴ ያስፈልጋል።"

በመጨረሻ ገባ። ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁና ነፋስ ለቀቅኩበት። አዲስ ጎማ ሲነፋ ጠርዙ ቸርኬው ላይ ዘሎ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ደግሞ መድፍ ነው። እኔ ስለማውቅ ጆሮዬን ያዝኩ። ጥርስ ሐኪሙ አያውቅም።

ጧ!

"ፈነዳ እንዴ?!" ጮኸ አባዬ ከመጋረጃው ኋላ።

"ተቀመጠ!" አልኩ።

"ዶክተርስ?"

ዶክተር ወደ ኋላ ሲሸሽ ጎማ ወንበር ውስጥ ወድቆ፣ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

"እሳቸውም ተቀምጠዋል!"

ሌላ ሦስት ጊዜ እንዲሁ ጮኸ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥርስ ሐኪሙ መንገድ ተሻግሮ ጠበቀኝ። ከዚያ ጎማዎቹን ወደ ቦታቸው አነሳሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ በእንጨት እያንሸራተትኩ፣ በጉልበቴ እየገፋሁ፣ አንዱንም እየሰደብኩ ነው ያስገባኋቸው። ዳዶውን ሳጠብቅ አባዬ ከፍራሹ ላይ በድምፁ ብቻ ይከተለኛል። "ፊት ለፊቱን! ተራ በተራ አይደለም፣ ፊት ለፊቱን!" መፍቻው ሲንቋቋ ይሰማል፤ ዳዶ ይቆጥራል። አንዱን ብዘል ኖሮ ከነወገቡ ተነስቶ በመጣ ነበር።

ክሪኩን አወረድኩ። አውሎ መሬት ረገጠች። ወይ ማማር! ቤት ብታክል ነው።

አሁን የቀረው ቡጢው ነው። አባዬ ሜትር አያውቅም። ጎማና ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው፣ እንዳይነካኩ መሃላቸው ክፍተት ያስፈልጋል፤ የእኛ ቤት ሕግ ክፍተቱ አንድ ቡጢ ይሁን ነው። ቡጢ ካልገባ መኪና አይወጣም። አያቴም ጎሚስታ ነበር፣ እሱም በቡጢ ነበር የሚለካው።

"ብሎን! አንድ ቡጢ ይገባል?"

ቡጢዬን ጨብጬ ከተትኩ። ከላይ፣ ከፊት፣ ከኋላ። የግራው የፊት ጎማ ጋ እንደ ጠባብ ጫማ ጨምደድ አደረገኝ፤ ግን ገባ።

"ይገባል!"

"አራቱም ጋ?"

"አራቱም ጋ!"

"መሪውን ጠምዝዘሽ?"

"ጠምዝዤ!"

"ሙሉ ቡጢ?"

"ሙሉ ቡጢ!"

አልዋሸሁም። ይሄ ይታወቅልኝ። ሙሉ ቡጢዬ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥርስ ሐኪሙ ጭቃ የማይገባው ቦቲ ተጫምቶ መጣ። አውሎን ዞሮ ዞሮ አያት። ዓይኑ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይደለም።

"ጎሚስታዬ ከጎኔ መሆን አለባት" አለ። "ኮረብታው ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?"

"እኔም እሄዳለሁ" አለች አክስቴ ከየት እንደመጣች ሳናውቅ። "ደህና መሄዱን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።"

አክስቴን ማሳፈር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የአውሎ መርገጫ የአክስቴ ወገብ ጋ ነው። ጎማ ወንበር አስጠግቼ አቆምኳት፣ እኔ ከታች ገፋሁ፣ ጥርስ ሐኪሙ ከላይ ሳበ።

"ዶክተር፣ ቀስ! ክንዴ ነው እኮ፣ ጥርስ አይደለም!"

"ይቅርታ እናት፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"የማን እናት? እኩያዬ አይደሉም እንዴ!"

ሦስታችንም ፊት ተደረደርን፤ ጥርስ ሐኪሙ መሪው ጋ በግራ፣ እኔ መሃል፣ አክስቴ መስኮቱ ጋ። ከደጃችን ወደ ቀኝ ወጣን። አውሎ እንደ መርከብ ሄደች። ከዚያ ከፍታ ላይ የሰው አጥር ውስጥ ሁሉ ይታያል። አክስቴ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ቆይታ ከፈተችው፤ ቆይታ ደግሞ አንገቷን አሰገገች።

"እይልኝ፣ እይልኝ! ያ አናጢ 'ጠፋብኝ' ያለኝ መሰላሌ ጓሮው ውስጥ ቆሟል!"

ደስ አላት ማለት ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ከእኔ ሲርቅ፣ ሲርቅ ታየኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ ዞርን።

ጭጭጭጭጯጯ! ጅራቷ ላይ በር የተዘጋባት ድመት እንዲያ ትጮህ ይሆናል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ጥርስ ሐኪሙ ፍሬን ያዘ።

"ምንድን ነው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዲስ ጎማ ነው ዶክተር" አልኩት። "ገና እየተላመደ ነው።"

"እውነት ነው" አለ፣ ራሱን ሲያጽናና። "አዲስ የተተከለ ጥርስም መጀመሪያ ላይ ያንገጫግጫል።"

አክስቴ ዘወር ብላ አየችኝ።

እኔ ግን ያኔውኑ ገባኝ። ትናንት ስለካ አውሎ ባዶዋን ነበረች። አሁን ሦስት ሰው ተጭኖባታል፤ በግራ በኩል ደግሞ የተቀመጠው ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ እሱ ብቻውን ሁለት ሰው ይሆናል። ወርዳለች። የአባዬ ቡጢ ቢሆን ኖሮ ለዚህም ለዚያም ይተርፍ ነበር። ቀስ ብዬ ጭኔ ላይ ያለውን ቡጢዬን አየሁት። ሎሚ ያህላል። የአባዬ ቡጢ ትዝ አለኝ። የልጅ ጭንቅላት ያህላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ይናዘዝ ነበር። እኔ ግን ሰኞ ሁለት ሰዓት ከፊቴ ተደቅኖ፣ ዚፕ በእጁ ይዞ ታየኝ።

"ዶክተር፣ እዚህ ጋ ወደ ቀኝ ይታጠፉ።"

"ኮረብታው በግራ አይደል?"

"አቋራጭ አለ።"

ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ የዞረ ሰው ወደ ግራ እንደዞረ ይቆጠራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ እዚያው መኪና ውስጥ የፈለሰፍኩት። ወደ ቀኝ ዞርን፣ ዳቦ ቤቱን አለፍን፣ ወደ ቀኝ ዞርን፣ ትምህርት ቤቱን አለፍን፣ ወደ ቀኝ ዞርን፣ መስቀለኛው ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ ሰላም አለን። መንገዱ ግን ለእኔ ፍልስፍና የተሠራ አይደለም። አንዱ መታጠፊያ ዝግ ሆነ፣ አንዱ ገበያ ውስጥ አስገባን፤ ብቻ ተመልሰን ዳቦ ቤቱ ጋ መጣን። ትራፊኩ እንደገና ሰላም አለን፤ አሁን እጁን ያነሳው ግማሽ ድረስ ነው።

"ይቺን ዳቦ ሻጭ ሳያት ሁለተኛዬ ነው" አለች አክስቴ።

"እህትማማቾች ናቸው" አልኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ስንመጣ ዳቦ ሻጯ ደጅ ወጥታ ጠበቀችን። ትራፊኩ ፊሽካውን ነፋና በእጁ አቆመን። ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ማየት ነበረበት፤ ባርኔጣው ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር።

"ዶክተር፣ ቤት ጠፍቷችሁ ነው ወይስ እኔን እየጠበቃችሁኝ ነው?"

"ኮረብታው ጋ ልንሄድ ነበር።"

"ኮረብታው እኮ በግራ ነው!"

"እናውቃለን" አልኩ ከመሃል።

"ታዲያ ምን ቀኝ ቀኙን ያዞራችኋል?"

"በቀኝ በኩል ያምራል።"

ትራፊኩ አየኝ። ከዚያ አዘነልን፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ጥርሱን ያስነቀለው ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ነው መሰለኝ፣ ውለታ ሊመልስ ፈለገ። መስቀለኛው መሃል ቆሞ በሦስቱም በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ በእጁ አስቆመ። አውቶቡሱ ቆመ። ታክሲዎቹ ቆሙ። ብስክሌተኛው አንድ እግሩን አወረደ። ከተማው በሙሉ አፉን ከፍቶ እኛን ይጠብቅ ጀመር።

"ይኸው! መንገዱ የእናንተ ነው! ወደ ግራ!"

"ቀጥ ብለን ብንሄድ…" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"ኧረ ነውር ነው፣ መንገድ አስለቀቀልን እኮ" አለ ጥርስ ሐኪሙና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘው።

ጭጭጭጭ፣ ከዚያ ጓ! ጎማው ፓራፋንጎውን ነክሶ ያዘው። አውሎ መስቀለኛው መሃል ላይ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ወደ ፊት አትል፣ ወደ ኋላ አትል። ሞተሩ ጠፋ። በሦስቱም በኩል ያለው ጥሩምባ አንድ ላይ ጮኸ።

አክስቴ በሩን ከፈተችና፣ ስትወጣ ሁለት ሰው የፈለገችው ሴትዮ፣ ስትወርድ ማንንም አልፈለገችም። ዘላ ወረደች። ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ፈትታ ቀኙ ጎማ ጋ ሄደች፣ ከዚያ ግራው ጋ መጣች።

"የቀኙ ከላይ አሥራ አንድ ሴንቲ። የግራው ሦስት። ዶክተር፣ ይውረዱ እስቲ።"

ዶክተር ወረደ።

"ሰባት። ይውጡ እስቲ።"

ወጣ።

"ሦስት።"

"ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?" አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ሆዱን ወደ ታች እያየ።

ትራፊኩ፣ ዳቦ ሻጯና የአውቶቡሱ ረዳት ከበውናል። አክስቴ መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"ማን ነው የለካው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በቡጢ።"

"በማን ቡጢ?"

እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

"አሳዪ" አለ ትራፊኩ፣ በሕግ ድምፅ።

አሳየሁ። ዳቦ ሻጯ ሽርጧን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። የአውቶቡሱ ረዳት አልከተተም፤ እንዲሁ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ጥርስ ሐኪሙ ላይ ነው። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ፣ መሪው ላይ ተደፋ።

"ዘንድሮም ከበሬዎቹ ሥር ልቀመጥ ነው" አለ።

አንጀቴን በላው። ከሰኞም ከዚፑም የባሰው ይሄ ሆነብኝ። "ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት። "የአባቴን ሕግ በእኔ እጅ ለካሁት። ሲጮህም ገብቶኝ ነበር፤ ደበቅኩዎት። ወደ ቤት እንመለስ፣ ይስተካከላል።" ይስተካከል አይስተካከል አላውቅም ነበር።

ትራፊኩና ረዳቱ ከኋላ ገፍተው ጎማውን አላቀቁልን። ቀጥ ብለን፣ ከዚያ በቀኝ፣ በቀኝ፣ በቀኝ ወደ ጎሚስታችን ተመለስን። አክስቴ የአናጢውን ጓሮ ስናልፍ አንገቷን እንኳ አላሰገገችም።

አባዬ ድምፃችንን ሰምቶ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። የሆነውን ነገርኩት፤ ምንም አላስቀረሁም፣ እህትማማቾቹን ዳቦ ሻጮች እንኳ ነገርኩት። ቡጢውን ጨብጦ የግራው ጎማ ላይ ሞከረ። አንጓው እንኳ አልገባም። አባዬ ሲቆጣ ይጮኻል። አልጮኸም። ቡጢውን ከፍቶ መዳፉን አየ፣ ከዚያ የእኔን መዳፍ አንስቶ ከጎኑ አስቀመጠው፣ ከዚያ መልሶ ለቀቀው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ግራይንደሩን አምጪ" አለ። "ፓራፋንጎው ይቆረጣል። ዶክተር፣ ይፈቅዳሉ?"

"እስከ በሩ ድረስ ቁረጡት!"

አባዬ ሊያጎነብስ ሞከረ። ቀጭ አለ። እንዳጎነበሰ ቀረ።

"ዞር በል እስቲ" አለች አክስቴ። ከሽርጧ ኪስ ጠመኔዋን አወጣችና ቆርቆሮው ላይ አንዲት ቅስት መስመር አሰመረች። ከሥሯ ሌላ መስመር አሰመረች። "በታችኛው ትቆርጫለሽ። ሁለቱ መስመር መሃል ያለው ሁለት ሴንቲ ለማጠፊያ ነው።"

"እትዬ፣ ቆርቆሮ ነው እኮ" አለ አባዬ እንዳጎነበሰ። "ማጠፊያ ምን ያደርግለታል?"

"ጠርዙን ተርትረህ ልትተወው ነው? ጎማው ተነስቶ ሲነካው እንደ ቢላ አይቆርጠውም?"

አባዬ ካጎነበሰበት ሳይቀና አሰበ። "እውነትሽን ነው" አለ።

ቆረጥኩ። ብልጭታው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተበተነ፤ ጥርስ ሐኪሙ ዛሬ መንገድ አልተሻገረም፤ የአውሎን የፊት መብራት በእጁ ሸፍኖ ቆመ። ከዚያ ጠርዙን በመዶሻ ወደ ውስጥ ማጠፍ ጀመርኩ። አክስቴ ጆሮዬ ሥር ናት።

"ቀስ። ቀስ አልኩሽ! ሸበሸብሽው!"

"ብረት ነው አክስቴ!"

"ብረትም ይሸበሸባል። እዚያ ጋ ድገሚው። እህ። አሁን ቀጥ አለ።"

የግራውን ስንጨርስ፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አልቀበልም ብላ ቀኙንም አስቆረጠችኝ። ከዚያ ጥርስ ሐኪሙን መኪናው ላይ አስወጣን፤ እኔና አክስቴም ለክብደት ወጣን። አባዬ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መጣና "ቡጢ" አለ። በመስኮት እጄን ዘረጋሁ።

"አንቺን አይደለም" አለ።

የራሱን ከተተ። መሪው ወደ ግራ ተጠመዘዘ፤ ገባ። ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፤ ገባ።

ጥርስ ሐኪሙ ለሁለታችን መውረጃ ጊዜ እንኳ አልሰጠንም፤ እየወረድን ሞተሩን አስነሳ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ለኮረብታው ይደርሳል። ከደጃችን ሲወጣ ሆነ ብሎ ወደ ግራ ታጠፈ። ድመትም ምንም የለም። ስድስቱንም መብራት በጠራራ ፀሐይ አብርቶልን ሄደ።

ከዚያ ሦስታችን ቀረን። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ ቃል ቃል ነው። መኪናው ደህና አልወጣም። ሰኞ ሁለት ሰዓት አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ።"

መፍቻዬን አነሳሁ፤ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ከግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ አየኋቸው።

"እኔ ጋ?" አለች አክስቴ። "ምን ቆርጦኝ!"

"ምን ማለትሽ ነው እትዬ? ሳምንቱን ሙሉ አምጣት ስትዪኝ አልነበረም?"

"ያኔ ያየሁት ጥፍሯን ነዋ! ዛሬ ሥራዋን አየሁት። የሙሽራ ቀሚስ በቡጢ ለክታ ታምጣልኝ? ደንበኛዬ መተንፈስ ሲያቅታት 'ገና እየተላመደ ነው' ትበልልኝ?"

"እኔ ጋስ ሌላ መኪና መስቀለኛ ላይ ትገትርብኝ?"

"አንተ ነህ የወለድካት!"

"አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ! ታላቄ አይደለሽም?"

"ጭራሽ! ጥፋቱ ወደ እኔ መጣ?"

"ለአንድ ወር ብቻ ውሰጃት።"

"ለአንድ ቀን አልወስድም። እዚሁ ትቅር፣ በራስህ ቡጢ እየለካህ አስተምራት።"

አባዬ ረጅም አየር ሳበ፤ ወገቡ አላስጨረሰውም። "እሺ፣ በቃ። ትቅር" አለ።

ቀረሁ ማለት ነው! አፌ ወዲያው ተከፈተ፤ ይህ ነው እንግዲህ የእኔ ችግር፣ ሲከፈት ልክ አያውቅም። ደረቴን ነፋሁ፣ መፍቻውን ትከሻዬ ላይ አጋደምኩ፣ መሃላቸው ገብቼ ቆምኩ።

"ኧረ በእኔ የተነሳ አትጣሉ" አልኳቸው። "እንዲህ ከተሻማችሁብኝ ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ እየዋልኩ ለሁለታችሁም እደርስላችኋለሁ።"

አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እየጠመጠመች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"መሻማት? አንቺ ልጅ፣ እየተገፋፋንብሽ እኮ ነው!"